የንጉሥ ጆርጅ ፂም

ሰው ሀብታም ሊሆን ሲል መጀመሪያ የሚያጣው እንቅልፉን ነው ይባላል። እኔ መጀመሪያ ያጣሁት የጥርስ ብሩሼን ነው። ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። አውቶቡስ እየጠበቃችሁ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ፤ ሮም ውስጥ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ለረጅም ወሬ ጊዜ አጥቶ አያውቅም።

ሥራዬ ባዳንቴ ነው፤ አዛውንት መጦር ማለት ነው። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቼ “ጣሊያን ምን ትሠራለህ?” ሲሉኝ “ጤና ላይ ነኝ” እላቸዋለሁ። ውሸት አይደለም፤ የሲኞራ ኢኔስ ጤና ላይ ነኝ። አንዷ አክስቴ ግን ይህን ሰምታ ሰፈሩን ሁሉ “የኛ ዶክተር” አስብላኛለች። አልፎ አልፎም የኩላሊቷን ራጅ ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች። እኔም “ውሃ ጠጪ” እላታለሁ። እስካሁን አልተሳሳትኩም።

ሲኞራ ኢኔስ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። ፒያሳ ቦሎኛ አካባቢ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። እግራቸው እንቢ ብሏቸዋል፤ ምላሳቸው ግን የሁለቱንም እግር ሥራ ደርቦ ይሠራል። አራት ዓመት ሙሉ የሠራሁላቸውን ምግብ አንድም ቀን አመስግነው አያውቁም፤ አንድም ቀን ግን አስተርፈው አያውቁም።

አንድ ሰኞ የእግር ጥፍራቸውን ቆርጬ ስጨርስ “ያንን ቁም ሣጥን ክፈት” አሉኝ። ከፈትኩ። “ከታች፣ ከብርድ ልብሱ ሥር።” ጎንበስ ብዬ ስስብ አንድ የዛገ የብስኩት ቆርቆሮ ወጣ። ከመክበዱ የተነሣ ወገቤ ቀጭ አለ። ክዳኑን ብከፍተው ሳንቲም ነው። የእንግሊዝ ሳንቲም፣ የድሮ፣ ጠቆር ጠቆር ያለ፣ እያንዳንዱ ላይ አንድ ንጉሥ ወይ አንዲት ንግሥት ወደ ጎን ዞረው የተቆጡበት።

“ባለቤቴ ኡምቤርቶ በወጣትነቱ ለንደን አስተናጋጅ ነበር” አሉኝ። “ጉርሻ ሲሰጡት አሮጌ አሮጌውን እየመረጠ ያስቀምጥ ነበር። ሊሞት ሲል ‘ኢኔስ፣ ይኼ ሀብት ነው’ አለኝ። ልጄ ፓትሪዚያ ቤት ስታጸዳ ሁለቴ ጥላዋለች፤ ሁለቴም ከቆሻሻው አስነሥቼዋለሁ። ውሰደው፤ ላንተ ነው።”

“ሲኞራ፣ እንዴት አድርጌ...”

“ውሰድ ብያለሁ! ባስታ!”

ወሰድኩ። ሜትሮ ውስጥ ቆርቆሮውን እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ስሄድ፣ በታጠፍን ቁጥር ውስጡ ያሉት ነገሥታት እርስ በርስ ይጋጫሉ።

ቼንቶቼሌ አንዲት ክፍል ተጋርቼ የምኖረው ከዳዊት ጋር ነው። ዳዊት በብስክሌት ምግብ ያደርሳል፤ በትርፍ ጊዜው ደግሞ ሁሉንም ነገር ያውቃል። ስልኩ ላይ ቪዲዮ ያላየበት ሙያ የለም። ቀዶ ጥገና አድርግ ቢባል “ቢላው የት አለ?” ብቻ ነው የሚለው።

“መጀመሪያ በንጉሥ በንጉሥ እንለይ” አለ አልጋዬ ላይ እየዘረገፈው። “ዋጋው በዘመኑ ነው።”

እንለይ ማለት ቀላል ነው። ችግሩ ከነገሥታቱ አንዱንም አለማወቃችን ነው። ስለዚህ በመልካቸው ስም አወጣንላቸው። ፀጉሯን ወደ ኋላ ጠቅልላ ያሰረች ኮረዳ አለች፤ “ሙሽሪት” አልናት። ትንሽ ዘውድ አናቷ ላይ ጣል ያደረገች ወይዘሮ አለች፤ “እትዬ።” ነጠላ የመሰለ ነገር ተከናንበው የሰው ለቅሶ ላይ የደረሱ የሚመስሉ አሮጊት አሉ፤ “እማሆይ።” ከዚያ ራሰ በራ ሆኖ ፀጉሩ በሙሉ ወደ አገጩ የተሰደደበት ሰውዬ አለ። ከእሱ ቀጥሎ ሌላ ፂማም፣ ግን ፀጉር ያለው። ከዚያ ደግሞ አንድ ልሙጥ ፊት፤ ሥራ ፍለጋ ሊሄድ የተላጨ ይመስላል።

ዙሪያውን ያለውን ጽሑፍ የማንበብ ኃላፊነት የኔ ሆነ፤ ከዳዊት የተሻለ ጣሊያንኛ አነባለሁ። “ፊድ ዴፍ” ይላል። “ኢንድ ኢምፕ” ይላል። አሥር ዓመት የጣሊያን ቢሮ ወረፋ ላይ የቆመ ሰው አጠር ያለ ቃል ሲያይ የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ነው።

“ኢምፕ ማለት ኢምፖስታ ነው” አልኩ። “ግብር አለበት ማለት ነው።”

ዳዊት እጁን ከሳንቲሙ ላይ አነሣ። “አልተከፈለም?”

“አልተከፈለ ይሆናላ፤ ባይሆን ኖሮ ለምን ይጽፉበታል?”

በዚህ ዓይነት እውቀት ላይ እያለን ነው ዳዊት ስልኩ ላይ ያንን ቪዲዮ ያገኘው። አንድ ሰውዬ ልክ እንደ ሰባኪ እየጮኸ፣ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ሦስት የሚል የእንግሊዝ ፔኒ ያለው ሰው ቁጭ ብሎ ያልቅስ ይላል፤ የደስታ ለቅሶ። በዚያ ዓመት እንግሊዞች ፔኒ ተርፏቸው ስለነበር በጣት የሚቆጠር ብቻ ነው የሠሩት። አንዷ የቤት ዋጋ ታወጣለች። ቤት! እኔ እስከዚያ ደቂቃ ድረስ ቤት የሚለውን ቃል ከኪራይ ለይቼ ሰምቼው አላውቅም።

አንድ ሰዓት ተኩል ቆፈርን። በመጨረሻ አንዲት ትልቅ፣ ፊቷ ያለቀ ፔኒ እጄ ገባች። አንድ፣ ዘጠኝ፣ ሦስት፣ ከዚያ... የመጨረሻዋ ቁጥር ተፍቃለች። ሦስትም ትመስላለች፣ ስምንትም ትመስላለች። በግራ ዓይኔ ሳያት ሦስት ናት፤ በቀኝ ዓይኔ ሳያት ስምንት።

ቀኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሐሙስ ከሰዓት የባዳንቴ ሁሉ ዕረፍት ነው፤ ስለዚህ ፔኒዋን በመሐረብ ጠቅልዬ ቪያ ቮልቱርኖ ወዳለው የሐበሻ ምግብ ቤታችን ሄድኩ። የሄድኩት አቦይ ተስፋማርያምን ፍለጋ ነው። አቦይ የአሥመራ ሰው ናቸው፤ ሰማንያ አራት ዓመታቸው፣ ሐምሌም ሆነ ጥር ከረባታቸውን የማይፈቱ። አማርኛን በትምህርት ቤት ስለተማሩት ከእኔ የተሻለ ይናገራሉ፤ ስሳሳትም ያርሙኛል። ካቶሊክ ናቸው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ቅዳሴ ሲያገለግሉ ላቲን ከእጣኑ ጋር ገብቶባቸዋል።

ሌሎቹንም ሳንቲሞች ጠረጴዛቸው ላይ ደረደርኩና ስለ ግብሩ አወራኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ሳንቲሙን ሳይሆን እኔን አዩኝ።

“ኢምፖስታ አይደለም፣ አንተ ልጅ። ላቲን ነው። ዴይ ግራ፣ በእግዚአብሔር ጸጋ። ፊድ ዴፍ፣ የሃይማኖት ጠባቂ። ኢንድ ኢምፕ፣ የሕንድ ንጉሠ ነገሥት።”

“ግብር የለበትማ?”

“ግብሩን ሕንዶቹ ከፍለውታል።”

ሙሽሪት፣ እትዬና እማሆይም አንድ ሰው መሆናቸውን ነገሩኝ። ሦስቱም ንግሥት ቪክቶሪያ ናቸው። አልተዋጠልኝም። “እንዴት ይሆናል? አንዷ ልጅ፣ አንዷ አሮጊት?”

“ዕድሜ የሚባል ነገር ሰምተህ አታውቅም? ስልሳ ዓመት ከነገሥክ አንተም ነጠላ ትከናነባለህ።”

ከዚያ ፔኒዋን አወጣሁ። አቦይ ወደ መስኮቱ አስጠግተው አገላበጧት። “ጆርጅ ነው” አሉ። “የትኛው ጆርጅ ነው ጥያቄው። በሠላሳ ሦስት ዙፋኑ ላይ የነበረው አባትየው፣ አምስተኛው ነው፤ ፂማሙ። በሠላሳ ስምንት የነበረው ልጅየው፣ ስድስተኛው ነው፤ እሱ ፂም የለውም። እሱን በደንብ አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ አሥመራን እንግሊዝ ሲገዛት ሽልንጋችን ላይ የነበረው እሱ ነው። ስለዚህ ፂም ካለው ሀብታም ነህ። ከሌለው ቡናህን ከፍለህ ሂድ።”

“ስሙ ላይ አምስተኛ ወይ ስድስተኛ አይልም?”

“ይል ነበር። አሁን ልሙጥ ነው።”

አቦይ ሌላም ዘዴ ያውቃሉ። የእንግሊዝ ነገሥታት ሳንቲም ላይ በየተራ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ አንዱ ወደ ግራ ካየ ተተኪው ወደ ቀኝ ያያል፤ አባትና ልጅ ወደ አንድ አቅጣጫ አያዩም። (የኔም አባት ቤት እንደዚያው ነበር።) ነገር ግን በሁለቱ ጆርጆች መሃል አንዱ ለሴት ብሎ ዙፋኑን ስለተወ፣ የሱ ተራ ባዶ አለፈና ሁለቱም ጆርጆች ወደ ግራ ያያሉ። ሰው በፍቅሩ ምክንያት የኔን ቤት ያወሳስብብኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ቀረ ፂሙ። ፔኒዋ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረች። “አገጩ ላይ ጥላ አለ” አለ አንዱ። “ጥላ አይደለም፣ ሽሮ ነው፤ አሁን ሳህንህ ውስጥ ነክረኸው!” አለች አስተናጋጇ። አንዱ በስልኩ መብራት፣ አንዱ በጥፍሩ፣ አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። በመጨረሻ እጅ ወጣ። ዘጠኝ ሰው ፂም አለው፣ አራት ሰው የለውም። ንጉሡ በድምፅ ብልጫ ፂም አበቀለ። አቦይ ከሁሉም በኋላ ረዥም ጊዜ አይተው “የሁለት ቀን ፂም ይታየኛል” አሉ፤ ይህ ለእኔ ከፍርድ ቤት ውሳኔ አይተናነስም።

“ቆሻሻው ነው የሸፈነው” አለ አንዱ ከወደ በሩ። “ቢታጠብ ይለይ ነበር።”

ይህችን ምክር የሰጠውን ሰው ዛሬም ባገኘው ደስ ይለኛል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዳዊት ሎሚ፣ ጨው፣ ቢካርቦናቶና የጥርስ ሳሙና አሰለፈ። “ሲታዩ ንጹሕ ከሆኑ ነጋዴው ያከብረናል” አለ። የኔን ጥርስ ብሩሽ የወሰደው የሱ አዲስ ስለሆነ ነው። እኔም ልከለክለው ሲገባኝ ሌላ ሎሚ ቆረጥኩለት። ፔኒዋን ብቻ አይደለም፤ ቆርቆሮውን በሙሉ፣ ከሙሽሪት እስከ ተላጨው፣ አንድ በአንድ ፈተግናቸው። ማታውን አልጋዬ ላይ ሲደረደሩ እንደ ሠርግ ቤት ድስት ያበራሉ። ፔኒዋም አበራች። ንጉሡ ግን ፂሙ ቀርቶ አፉም ጠፋ።

“ቁጥሯስ?” አለ ዳዊት።

ቀኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። “ሦስት ናት።”

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስናገር እኔም አፍራለሁ። ወሬው ከቪያ ቮልቱርኖ ተነሥቶ ካስትሮ ፕሬቶሪዮን ዞሮ ሲመለስ አንዷ ፔኒ አንድ ጆንያ ወርቅ ሆናለች። ከሐሙስ ወዲህ በሦስት ቀን ውስጥ ከእናቱ ወገን ዘመዴ የሆነ ሰው ተገኘ። አንዱ የመኪና እጥበት እንክፈት ብሎ ሥዕል ይዞ መጣ። አንዲት ሴትዮ እህቷን በስልክ አገናኘችኝ፤ እህትየውም “ጤና ላይ ነው የሚሠራው አሉ” ብላ ሳቀች። እኔስ ምን አደረግሁ? ኩራት የሚሉት በሽታ በእግሬ ገብቶ ወደ ላይ ወጣ። ከተርሚኒ ፒያሳ ቦሎኛ በእግር የሚኬድ መንገድ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ታክሲ ያዝኩ። ከኋላ ተቀምጬ፣ እንደ ሚኒስትር መስኮቱን ግማሽ ዝቅ አድርጌ።

የሲኞራ ሕንፃ ፖርቲዬሬ በር ላይ ቆሞ ስወርድ አየኝ። “ባዳንቴ በታክሲ?” አለኝ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይህ ወግ አይኖርም ነበር። “ልመደው” አልኩት። “ይልቅ ያ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚሸጠው ቤት ስንት ነው የሚሉት? የሲኞራ ኢኔስ ቆርቆሮ ሳይገዛው አይቀርም።”

ፖርቲዬሬ ማለት በር የሚጠብቅ ይመስላችኋል። ወሬ ነው የሚጠብቀው፤ ሲያገኝም አያሳድርም።

ማክሰኞ ጠዋት የሲኞራ ልጅ ፓትሪዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ጠበቀችኝ። ፓትሪዚያ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ስታወራ እጇ ካልተወዛወዘ ድምፅ አይወጣትም። ያን ቀን ሁለቱም እጆቿ ኪሷ ውስጥ ነበሩ። በአራት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ፈርቻት አላውቅም።

“የእናቴን ሳንቲም ወስደሃል።”

“ሰጡኝ እንጂ አልወሰድኩም።”

“እናቴ ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው። ወረቀት አለህ?”

“ሲኞራ ፓትሪዚያ፣ አንድ ቆርቆሮ ነው፤ ምንም አያወጣም!”

“ታዲያ ለምን ሁለተኛ ፎቅ እገዛለሁ አልክ?”

መልስ ፈለግሁ። ጭንቅላቴ ውስጥ ያገኘሁት ታክሲ ብቻ ነው።

“አሎራ፣ ነገ አብረን ባለሙያ ዘንድ እንሄዳለን” አለች። “ዋጋ ከሌለው ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ዋጋ ያለው ሀብት ከአንዲት አሮጊት ተቀብለህ ከሆነ ግን ፖሊስ ዘንድ ዴኑንቺያ አስገባለሁ፤ የሥራ ኮንትራቶህንም እዘጋለሁ።”

ነገሩ እዚህ ላይ ቀልድ መሆኑ አበቃ። ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ የሚታደሰው በሦስት ሳምንት ውስጥ ነው። የሚታደሰው በኮንትራቶዬ ነው። ኮንትራቶዬ ላይ የፈረመችው ፓትሪዚያ ናት። ሰው ክር ሲስብ ሸሚዙ በሙሉ ሲተረተር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የሳብኩት ፔኒ ነው።

ከሥራ ስወጣ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። ባለፈው እሑድ እዚያው ቆሜ “እመቤቴ፣ ያቺን ቁጥር ሦስት አድርጊልኝ” ብዬ ነበር። አሁን “እመቤቴ፣ ስምንት፤ አደራሽን፣ ስምንት!” እላለሁ። እሷም ትክክለኛ ሐሳቤ የቱ እንደሆነ ግራ ሳይገባት አይቀርም።

ለምስክርነት አቦይ ተስፋማርያምን ለመንኳቸው። ረቡዕ ጠዋት ጥቁር ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። መንገድ ላይ ትከሻዬን ቸብ ቸብ እያደረጉ “አይዞህ፣ ፂም አለው” ይሉኛል።

“አቦይ፣ ዛሬ ፂም የለውም!”

“እንዴት የለውም? ሐሙስ አይቼዋለሁ።”

“አቦይ፣ እባክዎ፤ ፂም ካለው እታሠራለሁ። ሲጠይቁዎ የለውም ይበሉልኝ።”

ቆም አሉ። ከረባታቸውን አስተካከሉ። “ልጄ” አሉ፣ “እወድሃለሁ። ነገር ግን በሰማንያ አራት ዓመቴ ለማንም ብዬ ንጉሥ አልላጭም።”

ነጋዴው መሃል ከተማ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ተቀምጧል። ቀጭን ሽማግሌ ነው፤ አንድ መነጽር ዓይኑ ላይ፣ አንድ መነጽር ግንባሩ ላይ፣ አንድ አጉሊ ደግሞ አንገቱ ላይ በክር። ፓትሪዚያ በአንድ በኩል፣ እኔና አቦይ በሌላ በኩል ቆምን። ቆርቆሮውን ከፈትኩለት። የሱቁ መብራት ሳንቲሞቹ ላይ ሲያርፍ ብልጭታው ጣሪያው ላይ ወጣ።

ሰውየው ሰላም ሳይለን ወደ ኋላው ተደገፈ። “ማነው?” አለ። “ማነው ይህን ያደረገው?”

“ለእርስዎ ክብር ብለን አጥበናቸው...”

“በምን?”

“በሎሚ፣ በጨው...” ድምፄ እየቀጠነ ሄደ፤ “በቢካርቦናቶ፣ በጥርስ ሳሙና...”

“በጥርስ ሳሙና!” ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። “የድሮ ሳንቲም አይታጠብም! መቶ ዓመት የለበሰውን ቆዳ ነው የገፈፍከው! የገዛ አያትህን ፊት በሽቦ ትፈትጋለህ?”

ፓትሪዚያ ወደኔ ዞረች። እኔ ወደ ጣሪያው።

አንድ በአንድ ማየት ጀመረ። የአዛውንቷ ቪክቶሪያ ፔኒ፣ በየዕቃ መሸጫው አለ። ራሰ በራው ኤድዋርድ፣ አለ። ፂማሙ ጆርጅ፣ ሞልቷል። አሥሩ ተደምረው አንድ ካፑቺኖና አንድ ኮርኔቶ ናቸው፤ ያውም ኮርኔቶው ክሬም የሌለው። በየሳንቲሙ ልቤ ትንሽ ትንሽ እያለ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ ያቺን አነሣ።

“ይቺ ሠላሳ ሦስት ናት ይላሉ” አለች ፓትሪዚያ።

የሰውየው ፊት ተለወጠ። የአንገቱን አጉሊ አነሣ፣ መብራቱን ዝቅ አደረገ። አቦይ “ፂም...” ብለው ሊጀምሩ ሲሉ እግራቸውን ረገጥኳቸው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ነጋዴው ፔኒዋን ወደ ቀኝ አዘነበላት፣ ወደ ግራ አዘነበላት። እኔ በዚያች ደቂቃ ውስጥ ዴኑንቺያውን ፈርሜ፣ ታስሬ፣ ተፈርዶብኝ፣ አክስቴ “የኛ ዶክተር ታሠረ” ብላ ሰፈሩን እስክታስለቅስ ድረስ ደርሻለሁ።

“ኦቶ” አለ ሰውየው። “ስምንት ናት። ሠላሳ ስምንት፤ ስድስተኛው ጆርጅ። ምንም አታወጣም።”

ጠረጴዛውን ዞሬ ሄጄ ግንባሩን ሳምኩት። እሱም መነጽሮቹን እየለቀመ፣ በዚህ ቃል ብዙ ሰው ሲያለቅስ አይቷል እንጂ እሱን ስሞ የሚያውቅ እንደሌለ ነገረን። አቦይ ሳንቲሟን ተቀብለው በአጉሊው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። “የኔው ጆርጅ ነው ለካ” አሉ። “ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ነው የማውቀው፤ እርጅና ነው ፂም ያወጣብኝ።”

አለቀ ብዬ ስተነፍስ ነጋዴው ከቆርቆሮው ሥር አንድ ትልቅ የብር ሳንቲም አወጣ። ትንሿን ዘውድ ያደረገችው ቪክቶሪያ፣ እትዬ ናት። ከኋላዋ ፈረሰኛ ዘንዶ ይወጋል፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ሰውየው በጣቱ ጫፍ ይዞ ከመብራቱ ሥር ሁለቴ አገላበጣት።

“ይቺ በሰው እጅ አልዞረችም” አለ። “ከተሠራች ጀምሮ ቁጭ ያለች ነበረች። እንደነበረች ብትሆን ጥሩ ብስክሌት ትገዛ ነበር።”

“አሁንስ?” አለች ፓትሪዚያ።

“አሁንማ የተፈተገ ብር ናት። በሚዛን ተሸጣ ለአራት ሰው ፒዛ ትሆናለች።” ከዚያ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ አየኝና ወደ ፓትሪዚያ ዞረ። “ሲኞራ፣ ይህን ሰው ምን ብለው እንደጠረጠሩት አላውቅም። እኔ ግን እምልልዎታለሁ፤ ዋጋ የሚያውቅ ሌባ ይህን አያደርግም። እንዲህ ያለ ነገር የሚያደርገው ፍጹም ንጹሕ ሰው ብቻ ነው። ፍጹም ንጹሕና... እንዴት ልበልዎት...”

“ገባኝ” አለች ፓትሪዚያ።

“ወረቀት ይስጡን” አልኩ እኔ ቶሎ ብዬ። ጣሊያን ውስጥ በቃል ንጹሕ መሆን አይበቃም። ጻፈልን። ሳንቲሞቹ ተራ መሆናቸውን፣ የነበራቸው ትንሽ ዋጋም በባለቤቱ አለማወቅ መጥፋቱን ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም መታበት። አሥር ዓመት ሮም ስኖር በማኅተም የተረጋገጠልኝ ሙያ ይህ ብቻ ነው።

ፓትሪዚያ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ በሁለቱም እጆቿ። ቡና ቤት ቆመን ስንጠጣ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለመነችኝ። “ለእናቴ ከንቱ ነው እንዳትላት። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የኮራበት ነገር ነው። ልቧ ይሰበራል። ትልቅ ሀብት ነው በላት።”

“ቫ ቤኔ” አልኩ። ለደግ ነገር የሚዋሽ ውሸት ጾም አያስገድፍም ብዬ ከሰዓት ቤት ስደርስ “ሲኞራ!” አልኳቸው፤ “ባለቤትዎ እውነታቸውን ነው። ሳንቲሞቹ ትልቅ ሀብት ናቸው!”

ሲኞራ ኢኔስ “አህ” አሉ።

ምሳቸውን አስተረፉ። በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ማታም አስተረፉ። ሐሙስ ቴሌቪዥኑን አላስከፈቱም፤ አርብ ፀጉራቸውን ላበጥር ስል “ተወው” አሉኝ። ሲኞራ ተወው ብለው አያውቁም፤ “እንደዚህ አይደለም” ነው የሚሉት። የደም ግፊታቸውን ለካሁ፤ ደህና ነው። ቅዳሜ ጠዋት ገብቼ ሳይ ስልክ ይዘው ከፓትሪዚያ ጋር ያወራሉ። “ሴት ብትሆን ይሻላል” ይላሉ። “ምግብ ባትችልም ግድ የለም። ከሰኞ ጀምሮ ብትመጣ ጥሩ ነው።”

ስልኩን ሲዘጉ ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ። “ሲኞራ፣ ምን አጠፋሁ? ሊያባርሩኝ ነው?”

“እኔ ነኝ የማባርር?” ዓይናቸው ውሃ ሞልቷል፤ ድምፃቸው ግን እንደ ሁልጊዜው ይቆጣል። “ሀብታም ሆነህ የአሮጊት ጥፍር ስትቆርጥ ትኖራለህ? እኔ ሞኝ መሰልኩህ? ሂድ፤ ቤትህን ግዛ፣ ሚስትህን አግባ። መቼ ነው የምትሄደው? እሱን ብቻ ንገረኝ። ድንገት አትሂድብኝ።”

እኔ በዚያ ሳምንት ብዙ ጊዜ ጅል ሆኛለሁ፤ በዚያ ጠዋት ግን አልሆንኩም። ቦርሳዬን ከፍቼ ማኅተም ያለበትን ወረቀት አወጣሁና እግራቸው ሥር ተንበርክኬ አነበብኩላቸው። ተራ ሳንቲም። ከንቱ። በባለቤቱ አለማወቅ የጠፋ።

“መልሰህ አንብበው” አሉ።

መልሼ አነበብኩ። ወረቀቱን ነጠቁኝ፤ መነጽራቸውን አድርገው ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቁ ነው።

“ኡምቤርቶ!” አሉ ግድግዳው ላይ ወዳለው ፎቶ። “ስንት ዓመት ሀብት ሀብት ስትለኝ! እኔ እኮ ድሮም ጠርጥሬህ ነበር!” ወደኔ ዞሩ። “ታዲያ ምንም የለህም?”

“ምንም የለኝም፣ ሲኞራ።”

“ቤቱስ?”

“ኪራይ ነው። ያውም ለሁለት።”

አገጬን ይዘው ግንባሬን ሳሙኝና ስልኩን መልሰው አነሡ። ለፓትሪዚያ ደወሉ፤ ሴትየዋ ትቅር አሉ። ከዚያ ላይኛው ፎቅ ላሉት ጓደኛቸው ደወሉ። ከዚያ ታች ለፖርቲዬሬው። እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ ድምፃቸው ግድግዳውን አልፎ ሲመጣ እሰማለሁ፤ የልጅ ልጅ እንደተወለደላቸው ሰው እየፈነደቁ ለእያንዳንዱ ያበስራሉ።

“ሰማህ? ልጃችን ድሃ ነው! አዎን፣ በማኅተም! ፍጹም ድሃ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግራዚ አ ዲዮ!”